ከንፈሩ የሚጠቁር ልጅ፦ የልብ ሕመም መሆኑን ከጤና ጣቢያ ጀምሮ እንዴት እንለያለን

አብሮ የተወለደ የልብ ችግርን ለመለየት የግድ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ያስፈልጋል ሲባል እሰማለሁ። የመጨረሻውን መልስ የሚሰጠው ኤኮ መሆኑ እውነት ነው። ግን ልጁ ኤኮ ዘንድ የሚደርሰው ቀድሞ አንድ ሰው ምላሱን አይቶ፣ ኦክስጅኑን ለክቶ፣ «ይሄ የሳንባ ምች ብቻ አይደለም» ካለ ነው። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የልብ ስፔሻሊስት አይደለም። ድሬዳዋ ከፊራ አካባቢ ያለች ተረኛ ነርስ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ የምትሠራ አዋላጅ ወይም ባቢሌ ያለ ጤና መኮንን ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእነሱ ነው። ልጃቸው የሚጠቁርባቸው ወላጆችም ቢያነቡት ሐኪሙን ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ያውቃሉ።

ልጁ ለምን ይጠቁራል?

የልብ ቀኝ ክፍል ኦክስጅኑ ያለቀበትን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይልካል። ግራው ደግሞ ከሳንባ ኦክስጅን ይዞ የመጣውን ደም ለሰውነት ያከፋፍላል። የቀኙ ደም በሳንባ ሳያልፍ ወደ ግራ ከተሻገረ ወይም ሁለቱ ከተቀላቀሉ ልጁ ይጠቁራል። ሐኪሞች ሳያኖሲስ ይሉታል።

ከ1000 ሕፃናት 8 ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ። አብዛኞቹ አይጠቁሩም። ከሚያጠቁሩት ውስጥ በብዛት የሚታየው ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፋሎ በ1888 እ.ኤ.አ. በዝርዝር ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። አራት ነገር አንድ ላይ ነው፦ በታችኞቹ ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለ፣ ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ጠቧል፣ አኦርታ (ደሙን ለሰውነት የሚያደርሰው ትልቁ ደም ቅዳ) ቀዳዳው ላይ ተቀምጧል፣ የቀኙ ጡንቻ ወፍሯል። በትራንስፖዚሽን ሁለቱ ትልልቅ ደም ቅዳዎች ቦታ ተለዋውጠዋል። በትራይከስፒድ አትሬዥያ በቀኙ የላይኛና የታችኛ ክፍል መካከል በር የለም። በትረንከስ ሁለቱ ደም ቅዳዎች ሳይለያዩ አንድ ሆነው ቀርተዋል። የሳንባ ደም መልሶች ወደ ግራ መግባት ሲገባቸው ሁሉም ወደ ቀኝ የሚገቡበት ችግርም አለ። ስማቸውን በቃል መያዝ ለጤና ጣቢያ ግዴታ አይደለም። መለየት ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው፦ ልብ ነው አይደለም? ዛሬ መሄድ አለበት ወይስ በቀጠሮ?

አንድ ቁጥር ግን ያዙልኝ። መጥቆር ለዓይን የሚታየው ኦክስጅን ያልያዘው ሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) በዴሲሊትር ከ3 እስከ 5 ግራም ሲደርስ ነው። ሄሞግሎቢኑ 15 የሆነ ልጅ ሳቹሬሽኑ (ኦክስጅን የያዘው ሄሞግሎቢን በመቶኛ) ወደ 80 ሲወርድ ይጠቁራል። በወባ ወይም በምግብ እጥረት ደሙ አንሶ ሄሞግሎቢኑ 9 የሆነው ግን ከ70 በታች እስኪወርድ ላይታይበት ይችላል። ስለዚህ ልጁ አልጠቆረም ማለት ኦክስጅኑ ደህና ነው ማለት አይደለም። ያነሰ ደም ሕመሙን ይደብቃል።

1. ምላሱን እዩ

ልጁን ወደ በሩ ወይም ወደ መስኮቱ አቅርቡት። የክፍል መብራት ቀለም ያሳስታል። ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳም ፊት ላይ ቀለሙን ይጥላል፤ እኛ አገር ደግሞ እንዲህ ያለ ግድግዳ ብዙ ነው። ምላሱን፣ ድዱንና የከንፈሩን ውስጠኛ ክፍል እዩ። እዚያ ጋ የቆዳ ቀለም አያታልልም። ጥርጣሬ ከገባችሁ እናቱንም ምላሷን እንድታወጣ ጠይቋትና ሁለቱን ጎን ለጎን አወዳድሩ። የእሷ ሮዝ ሆኖ የሱ ወይን ጠጅ ከመሰለ ጉዳዩ ያለቀለት ነው፤ ወደ መለካት እለፉ።

እጅና እግሩ ብቻ ጠቁሮ ምላሱ ሮዝ ከሆነ፣ ብርድ ወይም የደም ዝውውር መድከም ነው። የሐረር የታኅሣሥ ማለዳ ይህን ያደርጋል። አዲስ የተወለደ ሕፃንም በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን እጅና እግሩ ሊጠቁር ይችላል። አሙቁትና ድጋሚ እዩት። ምላስ ከጠቆረ ግን፣ ከተወለደ ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በስተቀር፣ በየትኛውም ዕድሜ ጤናማ አይደለም።

2. እናቱን በደንብ ጠይቁ

«ልጅሽ ይጠቁራል ወይ?» ብላችሁ ከጀመራችሁ መልሱ «አቦ፣ ሲወለድም ጠይም ነው» ሊሆን ይችላል። ከዚያ ይልቅ «ሲያለቅስ ከንፈሩ ምን ይመስላል?» በሉ። «ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ ሲያምጥ ወይም ገላውን ሲታጠብ ድንገት ተለዋውጦ ያውቃል?» በሉ። ቋንቋዋ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ከሆነ የሚያስተረጉም ሰው ፈልጉ። አባትየው ስለ ልጁ ቢመልስም ጡት የምታጠባው እሷ ናትና ከራሷ አፍ ስሙ።

ስለ መጥባት ጠይቁ። ጥቂት ጠብቶ ያርፋል? ይተነፍሳል? ግንባሩ ላይ ላብ ይቸፈቸፋል? ድሬዳዋ ላይ ሁሉም ሕፃን ያልበዋል። ስለዚህ «ሌሊት ቀዝቀዝ ሲልም ሲጠባ ያልበዋል?» ማለት ያስፈልጋል።

ከፍ ላለ ልጅ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብዙ ይናገራል፦ ከጓደኞቹ ጋር ሲሮጥ ቆይቶ ቁጢጥ ይላል? ቴትራሎጂ ያለበት ልጅ ማንም ሳያስተምረው ቁጢጥ ይላል። ቁጢጥ ሲል የእግሩ ደም ሥሮች ይታጠፋሉ፤ በሰውነት በኩል ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ያኔ ደሙ በቀዳዳው በኩል ወደ ግራ ከመሻገር ይልቅ ወደ ሳንባ ይገፋል። ቤተሰቡ ግን «ሰነፍ ነው፣ መንገድ ላይ ይቀመጣል» ብሎ ሊያስረዳችሁ ይችላል። ይህን ቃል ስትሰሙ ቆም በሉ።

መቼ እንደጀመረ፣ ስንት ጊዜ በሳንባ ምች እንደታከመ፣ ራሱን ስቶ ወይም አንድ ጎኑ ደክሞ እንደሆነ፣ እናቱ በእርግዝና ወቅት ስኳር ነበረባት ወይ፣ ቤተሰብ ውስጥ ሌላ ሕፃን አለ ወይ፣ እነዚህም ይመዝገቡ። እንጥሉን ተቆርጦ ከሆነም ጻፉ። ትንፋሽ ያጠረው ልጅ እንጥሉ ነው ተብሎ የሚወሰድበት ጊዜ አለ። የልብ ችግር ላለበት ልጅ መቆረጡ ደም መፍሰስና የልብ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል፤ ለወላጆች ሳትፈሩ ንገሯቸው።

3. ሳቹሬሽን በሁለት ቦታ ለኩ

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱን ብቻ አድርጉ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ፐልስ ኦክሲሜትር (ሳቹሬሽንን በብርሃን የሚለካው መሣሪያ) በቀኝ እጅ አንድ ጊዜ፣ በአንዱ እግር አንድ ጊዜ። ሕፃኑ ማህፀን ውስጥ ሳለ የሳንባውን ደም ቅዳ ከአኦርታ ጋር የሚያገናኝ ቱቦ አለ፤ ቀኝ እጅ የተመረጠው ደሙን የሚያገኘው ከዚህ ቱቦ በፊት ካለው የአኦርታ ክፍል ስለሆነ ነው። እግር ከዚያ በኋላ ካለው ያገኛል። የሁለቱ ልዩነት በራሱ መረጃ ነው።

ሕፃኑ ይረጋጋ፤ ቢቻል እየጠባ። እግሩ ቀዝቃዛ ከሆነ በጨርቅ አሙቁት። የአዋቂ መቆንጠጫ በሕፃን ጣት ላይ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል፤ ለሕፃን የሚጠቀለለውን በመዳፉ ወይም በእግሩ ውጫዊ ጠርዝ ላይ ጠቅልሉ። ምላሱን ለማየት ብርሃን ፈልገን ነበር፤ አሁን ደግሞ ብርሃኑን መሸፈን አለባችሁ። የድሬ ፀሐይ ሴንሰሩ ላይ ካረፈ ቁጥሩ ይዛባል። ጨርቅ ጣል አድርጉበት።

ሂናውንም እዩ። ለዒድ ወይም ለሰርግ እግሯ ጫፍ ድረስ ያጌጠች ሕፃን ስትመጣ፣ በተለይ ጥቁሩ ሂና ከሆነ፣ ብርሃኑን ይይዘውና ቁጥሩ ዝቅ ይላል ወይም ጭራሽ አይመጣም። የጥፍር ቀለምም እንዲሁ። ያልተቀባ ጣት ፈልጉ፤ ካጣችሁ የጆሮ ጫፍ አለላችሁ። ማዕበሉ ወይም የምት መብራቱ ከልብ ምቱ ጋር አብሮ እስኪሄድ ጠብቁ። መጀመሪያ የወጣውን ቁጥር ጽፋችሁ አትሩጡ።

ለአዲስ የተወለደ ሕፃን የሚመከረው ሰዓት ከተወለደ ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱም ቦታ ላይ 95 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ልዩነቱ ከ3 ካልበለጠ አልፏል። የትኛውም ቦታ ከ90 በታች ከሆነ ወዲያው ወደ ሐኪም። አንዱ እንኳ በ90 እና በ94 መካከል ከሆነ ወይም ልዩነቱ ከ3 ከበለጠ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደገም፤ እንደዚያው ከሆነ ሪፈር ነው። እናትና ልጅ ከወሊድ ስድስት ሰዓት በኋላ ወደ ቤት የሚሸኙ ከሆነ ሳይለካ ከመቅረት ከመሸኘታቸው በፊት መለካት ይሻላል። ያኔ በከንቱ የሚያስደነግጥ ቁጥር ሊበዛ ይችላል፤ መፍትሔው መድገም ነው።

ከፍታን አስቡ፤ ግን ማመካኛ አታድርጉት። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ናት፤ ሐረር ወደ 1900 ትጠጋለች። ሐረር ላይ የጤናማ ልጅ ቁጥር አንድ ሁለት ነጥብ ዝቅ ሊል ይችላል። 85ን ግን ከፍታ አያመጣውም። ከ80 በታች ሲወርድ ደግሞ መሣሪያው ራሱ ትክክለኛነቱ ይቀንሳል፤ 72 እና 76 መካከል ባለው ልዩነት አትጨነቁ፤ ሁለቱም አስቸኳይ ናቸው።

4. ሳንባ ነው ወይስ ልብ?

አተነፋፈሱን ቁሙና ተመልከቱ። የሳንባ ችግር ያለበት ልጅ ይታገላል፤ ጎድኑ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ያቃስታል፣ አፍንጫው ይርገበገባል፣ ትኩሳትና ሳል ይኖረዋል። በልብ ምክንያት የሚጠቁረው ብዙ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል እንጂ አይታገልም። ሮዝ ከሆነው ጎረቤቱ ይልቅ የተረጋጋ ሊመስል ይችላል። በዚህ አትሸወዱ።

ከዚያ የኦክስጅን ፈተናውን አድርጉ። በደንብ በሚገጥም ማስክ ከፍተኛ ኦክስጅን ለ10 ደቂቃ ስጡና ከበፊቱ ጋር አወዳድሩ። ከ80 ተነስቶ 98 እና 100 ከገባ ሳንባ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከ78 ተነስቶ 82 ላይ ከቆመ ልብን ጠርጥሩ። የደም ጋዝ መመርመሪያ ባለበት ሆስፒታል የኦክስጅኑ ግፊት ከ100 ካላለፈ ልብን ያመለክታል፤ ከ150 ካለፈ ሳንባ ይሆናል። ፈተናው ፍጹም አይደለም። ሁለቱ ደሞች በብዛት በሚቀላቀሉባቸው እንደ ትረንከስ ባሉ ችግሮች ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ የሳንባ ግፊታቸው ያልወረደ ሕፃናት ደግሞ ልባቸው ደህና ሆኖም ላይሻሻሉ ይችላሉ። የተቀዳው ደም እንደ ቸኮላት ቡናማ ሆኖ ሳቹሬሽኑ 85 አካባቢ ከቆመ የሄሞግሎቢን ችግርንም አስቡ።

በተወለደ በመጀመሪያ ቀናት ለጠቆረ ሕፃን ስኳሩን ለኩ፤ የኢንፌክሽን ሕክምናም ጀምሩ። ልብ ነው ብላችሁ ሌላውን አትተዉ።

5. ዳስሱ፣ አዳምጡ

የጭንና የክንድ ምት አንድ ላይ ይዳሰስ። የጭኑ ከደከመ የአኦርታ መጥበብ ሊኖር ይችላል። ጉበቱ ካበጠ ልቡ ደክሟል። ሁለተኛው የልብ ድምፅ አንድ ወጥ ሆኖ ከተሰማ እና በደረት አጥንት ግራ ጠርዝ ከፍ ብሎ ኃይለኛ የሹክሹክታ ድምፅ ካለ ቴትራሎጂን ያስባል። ድምፅ አለመኖሩ ግን ነጻ አያወጣም። ትራንስፖዚሽን ያለበት ሕፃን ምንም ተጨማሪ ድምፅ ላይኖረው ይችላል። ቴትራሎጂ ያለበትም ድንገት በሚጠቁርበት ጊዜ ድምፁ ይቀንሳል፤ ወደ ሳንባ የሚያልፈው ደም ስላነሰ ነው።

ከስድስት ወር በላይ የሆነውን ልጅ ጣቶች እዩ። የሁለቱን አመልካች ጣቶች ጥፍር ጀርባ ለጀርባ ያጋጥም። ጤናማ ከሆነ በመካከል ትንሽ የአልማዝ ቅርጽ ያላት ክፍተት ብርሃን ታሳልፋለች። ክፍተቷ ከጠፋች ጣቶቹ አብጠዋል፤ ኦክስጅን ካነሰው ቆይቷል ማለት ነው።

6. ዕድሜውን ከምልክቱ ጋር አገናኙ

በተወለደ በሰዓታት ውስጥ የጠቆረና ኦክስጅን የማይረዳው ሕፃን ትራንስፖዚሽን ሊሆን ይችላል። እስከ ሦስተኛው ወይም አምስተኛው ቀን ደህና ቆይቶ ድንገት የወደቀ ደግሞ ሕይወቱ በዚያ የእርግዝና ቱቦ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረ ነው፤ ቱቦው ሲዘጋ አብሮ ወደቀ። ሁለቱም የሰዓታት ጉዳይ ናቸው። ፕሮስታግላንዲን ያለበት ሆስፒታል ቱቦውን ይከፍትለታል፤ መድኃኒቱ ትንፋሽ ሊያቆም ስለሚችል የመተንፈሻ እርዳታ ዝግጁ ይሁን።

በሳምንታትና በወራት እየጠቆረ የመጣ ቴትራሎጂን ያስባል። እየጠቆረ ደግሞ የማይወፍር፣ የሚያልበው፣ ጉበቱ ያበጠ ከሆነ ወደ ሳንባ ብዙ ደም እየሄደ ነው። ትልቅ ሆኖ አሥር ዓመት ገደማ መጥቆር የጀመረ፣ ሳይታከም በቆየ ቀዳዳ ሳንባው የተጎዳበት ሊሆን ይችላል።

7. ራጅ፣ ኢሲጂ፣ ደም

ራጁ ላይ መጀመሪያ ሳንባውን እዩ። የደም ሥሮቹ ሳስተው ሳንባው ከጠቆረ ቴትራሎጂ ወይም ትራይከስፒድ አትሬዥያ፤ ከበዙ ትራንስፖዚሽን፣ ትረንከስ ወይም የተሳሳተ የደም መልስ። ቀጥሎ ቅርጹ፦ ቡትስ ጫማ የመሰለ ልብ ቴትራሎጂን፣ በክር የተንጠለጠለ እንቁላል ትራንስፖዚሽንን፣ ስምንት ቁጥር የተሳሳተ የደም መልስን ያስታውሳል። ቅርጹ ስላልመጣ ግን ሕመሙ የለም አትበሉ። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) የቀኙን መወፈር ካሳየ ከብዙዎቹ ጋር ይሄዳል፤ ልጁ ጠቁሮ የኢሲጂው አቅጣጫ ወደ ግራ ካዘነበለ ትራይከስፒድ አትሬዥያን አስቡ።

ሄማቶክሪት (ቀይ የደም ሴሎች ከደሙ የያዙት ድርሻ በመቶኛ) የግድ ይታይ። ኦክስጅን ያነሰው ሰውነት ብዙ ቀይ ደም ያመርታል። ከ65 ካለፈ ደሙ ይወፍራል፤ ድሬዳዋ ሙቀት ላይ ተቅማጥና ትውከት ሲጨመርበት ጭንቅላት ውስጥ ሊረጋ ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ፈሳሽ አታሳጡት፤ ላሲክስም (ሽንት የሚያበዛው መድኃኒት) በዘፈቀደ አይሰጥ። በሌላ በኩል ሄሞግሎቢኑ «12 ነው፣ ጥሩ ነው» አትበሉ። ለሚጠቁር ልጅ 12 የብረት እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል። በደም ሥር ስትሰጡ አየር ከመስመሩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ እነዚህ ልጆች ላይ ትንሿ አረፋ በቀዳዳው አልፋ ጭንቅላት ትደርሳለች። ትኩሳትና ራስ ምታት ወይም ትውከት ይዞ የመጣውን ደግሞ የአንጎል መግል ሊሆን ስለሚችል አታሳድሩት።

ድንገት ከጠቆረ

ጉልበቱን አጥፋችሁ ወደ ደረቱ ግፉ፤ እናቱ ትከሻ ላይ አስደግፋችሁም ይቻላል። አታስለቅሱት፤ ለመርፌ አትሯሯጡ። ኦክስጅን በቀስታ ከፊቱ አጠገብ። ካልተመለሰ ሞርፊን 0.1 ሚሊግራም በኪሎ፣ ፈሳሽ ከ10 እስከ 20 ሚሊሊትር በኪሎ፤ ሆስፒታል ደግሞ ፕሮፕራኖሎል። ለእናቱ አያያዙን በእጇ አሠልጥኗት። ቤት ውስጥ ከእናንተ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት።

8. ሪፈር

ኤኮ ቀዳዳውን፣ የጠበበውን መንገድና የደም ቅዳዎቹን አቀማመጥ በቀጥታ ያሳያል፤ ያለሱ ቀዶ ሕክምና አይታሰብም። ከድሬዳዋ ወደ ድልጮራ ሆስፒታል፣ ከሐረር ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ስትልኩ የልጆች ኤኮ የሚሠራበትን ቀን በስልክ አረጋግጡ። ቀዶ ሕክምናው ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በጥቁር አንበሳ ግቢ ይገኛል። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ልጁ ቶሎ መመዝገቡ በራሱ ሕክምና ነው። ጥርሱም እስከዚያው ይታከም፤ ክትባቱም አይቋረጥ።

ለመንገዱ ኦክስጅን ይያዝ። ከድሬ በደንገጎ ዳገት ወጥቶ ሐረር መግባት 700 ሜትር ያህል ከፍታ መጨመር ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። ጡቱን ወይም ውኃውን በየጊዜው ያግኝ፤ በሙቀት ሰዓት አይጓዝ።

ወረቀቱ ላይ «የልብ ሕመም ጥርጣሬ» ብቻ አትጻፉ። እንዲህ ይሁን፦ «የ9 ወር ሕፃን፤ ከ3 ወሩ ጀምሮ ሲያለቅስ ይጠቁራል፤ ምላሱ ጠቁሯል፤ ሳቹሬሽን ቀኝ እጅ 76፣ እግር 75፤ በኦክስጅን 10 ደቂቃ 80፤ አተነፋፈሱ ፈጣን፣ ትግል የለም፤ በግራ ደረት ላይ ድምፅ አለ፤ ጉበት አላበጠም፤ ሄማቶክሪት 58፤ ራጅ፦ ሳንባ ጠቁሯል፤ ድንገተኛ መጥቆር በሳምንት አንዴ፤ ቴትራሎጂ ይጠረጠራል።» ተቀባዩ ሐኪም ይህን ሲያነብ ልጁን በረጅሙ ወረፋ ኋላ አያቆመውም። ወላጆቹም ወረቀቱንና ራጁን በስልካቸው ፎቶ ያንሱት።